አየርን በእጅ አንጓ ላይ መመዘን

ተራ የእጅ ሰዓት ጊዜን የሚቆጥረው ከውጭው ዓለም ተከልሎ ነው። በውስጡ ያለችው የኳርትዝ ቅንጣት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ርግብግቢቱን የሚቆጥረው የኤሌክትሮኒክስ ዑደትም ሰከንዱን፣ ደቂቃውንና ሰዓቱን አውጥቶ በገጹ ላይ ያሳያል፤ ስለዚህም ሰዓት ሠሪዎች ለረጅም ዘመን የደከሙት ሙቀት፣ እርጥበት፣ አቧራና ንዝረት ወደ ውስጥ እንዳይዘልቁ ለማድረግ ነበር። የአካባቢ ሴንሰር፣ ማለትም በዙሪያው ያለውን የአየር ግፊት፣ የሙቀት መጠን ወይም የምድርን መግነጢስ እየተረዳ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ክፍል የተገጠመለት ሰዓት ግን ይህን የቆየ ሥርዓት ይፈታተናል፤ ለውኃ ዝግ ሆኖ ለአየር ክፍት መሆን፣ ከሰውነት ጋር ተጣብቆ እየዋለ የሰውነትን ሙቀት አለመቁጠር፣ ከብረት ክፍሎች ጋር አብሮ ታሽጎ የምድርን ደካማ መግነጢስ ለይቶ ማወቅ ይጠበቅበታልና።

ለእነዚህ ተቃርኖዎች ባለፉት 60 ዓመታት የተገኙት መፍትሔዎች እጅግ የረቀቁ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የሰዓቱ ባለቤት በገጹ ላይ ከሚያነብባቸው ቁጥሮች ብዙዎቹ የተለኩ ሳይሆኑ የተሰሉ መሆናቸውን የሚያስተውለው ከስንት አንዴ ነው። ሰዓቱ ከፍታን አይለካም፤ የሚለካው የአየር ግፊትን ነው፤ ከፍታውን የሚያገኘው ስለ አየሩ ሙቀትና ስለ ባሕር ጠለል ግፊት አስቀድሞ በውስጡ በተጻፈ ግምት አማካይነት ነው። ሰዓቱ የነገውን የአየር ጠባይም አያውቅም፤ የሚያውቀው ግፊቱ ባለፉት ሰዓታት መጨመሩን ወይም መቀነሱን ብቻ ነው፤ ቀሪው ሁሉ ትርጓሜ ነው። ግምቱም ሆነ ትርጓሜው በአብዛኛው የተወሰደው ሰዓቶቹ ከተነደፉባቸው የመካከለኛ ኬክሮስ አገሮች፣ ከጃፓን፣ ከስዊዘርላንድና ከፊንላንድ አየር ነው፤ በመሆኑም የዚህን ንድፍ ጥንካሬና ጉድለት አጥርቶ ለማየት ከምድር ወገብ ብዙም የማይርቀውንና ከፍ ብሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያን ደጋ የሚያህል መፈተኛ ማግኘት ያስቸግራል።

ከሜርኩሪ ቱቦ እስከ ሲሊከን ንጣፍ

አየር ክብደት እንዳለው በሜርኩሪ ቱቦ ያሳየው ጣሊያናዊው ኢቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1643 ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል አየር ክብደት ካለው ከተራራ ጫፍ በላይ የሚቀረው አየር ከሸለቆው በላይ ካለው ማነስ አለበት ብሎ በማሰቡ፣ ሙከራውን በክሌርሞን ከተማ ይኖር ለነበረው ለእኅቱ ባል ለፍሎረን ፔሪዬ አደራ ሰጠ። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1648 ፔሪዬ ሁለት የሜርኩሪ ቱቦዎች አዘጋጀ፤ አንደኛውን ከከተማው ገዳማት በአንዱ የአትክልት ስፍራ አቁሞ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው አደረገ፤ ሁለተኛውን ይዞ ከባልንጀሮቹ ጋር 1,465 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ፑይ ደ ዶም ተራራ ወጣ። በጫፉ ላይ ሜርኩሪው 85 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ፔሪዬ ግን በአንድ ልኬት አልረካም፤ በነፋስና በመጠለያ፣ በአንዱና በሌላው የጫፉ ክፍል ሙከራውን ደጋገመው። ማምሻውን ሲመለስ መነኩሴው የታችኛው ቱቦ ቀኑን ሙሉ ከነበረበት ንቅንቅ እንዳላለ ነገረው።

የታሪክ መጻሕፍት አብዝተው የሚያነሡት የላይኛውን ቱቦ ነው። ለሰዓት ነዳፊ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለው በታችኛው ቱቦና በመነኩሴው ዘንድ ነው፤ እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ሜርኩሪው የወረደው በመውጣት ምክንያት ይሁን በዕለቱ የአየር ለውጥ ምክንያት ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም ነበር። በእጅ አንጓ ላይ የታሰረው የከፍታ መለኪያ ያለ መነኩሴ ተራራ የወጣ ፔሪዬ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነሡት ችግሮች ብዙዎቹ ከዚህ ጉድለት የሚመነጩ ናቸው።

ሜርኩሪ በክንድ ላይ አይታሰርም። የአየር ግፊትን ያለ ፈሳሽ መለካት የቻለው ፈረንሳዊው ሉሲየን ቪዲ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1844 የሠራው አኔሮይድ ባሮሜትር አየር የተመጠጠለት ስስ የብረት ሣጥን ነበር፤ የውጭው ግፊት ሲጨምር ሣጥኑ ይጨመቃል፣ ሲቀንስ ይለጠጣል፣ እንቅስቃሴውም በማንሻዎች ተባዝቶ ጠቋሚውን ያዞራል። ይህን ሣጥን አሳንሶ ከሰዓት ሞተር ጋር በአንድ ቀፎ ውስጥ ማስገባት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ፤ የስዊዘርላንዱ ፋቭር ሎይባ እ.ኤ.አ. በ1962 ቢቩዋክ የተባለውን፣ ያለ ባትሪ የሚሠራ የከፍታ መለኪያ ያለውን የእጅ ሰዓት አወጣ። እንደ ሠሪው ድርጅት ታሪክ ከሆነ ተራራ ወጪዎቹ ዋልተር ቦናቲና ሚሼል ቮሼ እ.ኤ.አ. በ1964 በግራንድ ዦራስ ተራራ የዊምፐርን ጫፍ በሰሜናዊው ገደል በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡ ያሰሩት ይህንኑ ሰዓት ነበር። የድንጋይ ናዳ በሚወርድበት በዚያ በረዷማ ገደል ላይ ለተንጠለጠለ ሰው ምን ያህል እንደወጣና ምን ያህል እንደቀረው ማወቅ ማደሪያ ቦታን ከመምረጥ ጋር፣ ስለዚህም ከሕይወት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው ከሲሊከን ነው። ቻርልስ ስሚዝ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው፣ ሲሊከን ሲታጠፍ ወይም ሲጨመቅ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም ኃይሉ ከብረቶች እጅግ በበለጠ መጠን ይለዋወጣል። ዛሬ በሰዓት ውስጥ ያለው የግፊት ሴንሰር በዚህ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከአንድ የሲሊከን ቁራጭ ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ተቦርቡሮ ከላዩ ስስ ንጣፍ ይቀራል፣ ከንጣፉ በታች ያለው ክፍተት አየር አልባ ሆኖ ይታሸጋል፣ የውጭው አየር ንጣፉን ሲጫነው በላዩ የተሠሩት አራት ተቃዋሚዎች ሚዛናቸው ይዛባል፣ የመዛባቱም መጠን የግፊቱን መጠን ይናገራል። አሠራሩ የቪዲን ሣጥን ይመስላል፤ ልዩነቱ ማንሻና ጥርስ የሌለው፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ መሆኑ ነው። ለምሳሌ ቦሽ የሚያመርተው ቢኤምፒ280 የተባለው ሴንሰር 2 በ2.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ብቻ እያለው፣ 1 ሜትር ከፍ ማለት የሚያመጣውን የግፊት ለውጥ ለይቶ ያውቃል።

የጃፓኑ ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ1994 ግፊትን፣ ሙቀትንና አቅጣጫን የሚለኩ ሦስት ሴንሰሮችን በአንድ የእጅ ሰዓት ውስጥ አሰባሰበ፤ በማግሥቱም ዓመት ፕሮ ትሬክ የሚለውን ስም ለዚህ የሰዓት ዘር ሰጠ። የፊንላንዱ ሱንቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ቬክተርን፣ የስዊዘርላንዱ ቲሶ በ1999 መስተዋቱ ሲነካ የሚታዘዘውን ቲ ተችን አስከተሉ። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ከቀፎው ጎን ያበጠ ጉብታ ነበራቸው፤ ጉብታው የሴንሰሩ ማደሪያ ነበር። ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ፒአርደብሊው 3000 በተባለው ሞዴል የኮምፓሱ ሴንሰር መጠን በ95 ከመቶ ሲቀንስ የሚወስደው ኃይልም በ90 ከመቶ ቀነሰ፤ ቀድሞ በ5 ሜትር እርምጃ ይቆጠር የነበረው ከፍታ በ1 ሜትር መቆጠር ጀመረ።

ዝግም ክፍትም የሆነ ቀፎ

የግፊት ሴንሰር የውጭውን አየር መንካት አለበት፤ ሰዓቱ ደግሞ ዝናብን፣ ላብንና መዋኛን መቋቋም አለበት። ለዚህ የሚሠራበት ዘዴ ከቀፎው ጎን ጥቃቅን ቀዳዳ አውጥቶ ሴንሰሩን ከኋላው በጎማ ቀለበት አጥብቆ መትከል፣ የሲሊከኑን ንጣፍም ግፊትን በሚያሳልፍና ውኃን በሚከለክል ለስላሳ ጄል መሸፈን ነው፤ አንዳንድ ሠሪዎች ደግሞ አየር የሚያልፍበት፣ የውኃ ጠብታ ግን የማያልፍበት ስስ ሽፋን ከቀዳዳው ላይ ያደርጋሉ። ቀላል የሚመስለው ይህ መፍትሔ የራሱ መዘዝ አለው። ላብና አቧራ ተጋግረው ቀዳዳውን ሲደፍኑት ሴንሰሩ ከውጭው አየር ተለይቶ ይቀራል፤ ቁጥሩም እውነተኛ እየመሰለ ይዘገያል ወይም ይቆማል። የዳሎልን ጨው ወይም የደጋን የበጋ አቧራ የሚያልፍ ሰዓት በንጹሕ ውኃ የመታጠቡ አስፈላጊነት ከመልክ ጋር የሚያያዝ አይደለም፤ የልኬቱ አካል ነው።

የሙቀት መለኪያው ነገር ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ ከዕቃው ጥራት ሳይሆን ከቦታው የሚመጣ ነው። የእጅ አንጓ ቆዳ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ በክንድ ላይ ያለ ሰዓትም የሚያሳየው የአየሩንና የቆዳውን ቅልቅል ነው። የሠሪዎቹ መመሪያዎች ይህን አይደብቁም፤ ትክክለኛውን የአየር ሙቀት የሚፈልግ ሰው ሰዓቱን አውልቆ፣ እርጥበቱን ጠርጎ፣ ፀሐይ በማያገኘው ነፋሻ ስፍራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እንዲያቆየው ያዝዛሉ። ይህ ምክር በሐቀኝነቱ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ሁለት የሙቀት ሴንሰሮችን አንዱን በቆዳው በኩል ሌላውን በመስተዋቱ በኩል አኑሮ ከልዩነታቸው የውጭውን ሙቀት መገመት እየተቻለ፣ ጣጣውን ሁሉ በተጠቃሚው ላይ መጣል የንድፍ ስንፍና ነው። ጉዳዩ ለሙቀቱ ቁጥር ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም፤ ወደ ታች እንደሚታየው፣ የከፍታው ስሌት የሚሳሳተው የውጭውን ሙቀት ባለማወቁ ነው።

በሰሜን ተራሮች ላይ የሚጠፉት ሜትሮች

በሰዓቶቹ ውስጥ የተጻፈው ግምት ዓለም አቀፉ መደበኛ ከባቢ አየር ይባላል። በዚህ ስሌት መሠረት በባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ 1,013.25 ሄክቶፓስካል፣ ሙቀቱም 15 ዲግሪ ነው፤ ሄክቶፓስካል የአየር ግፊት መለኪያ አሐድ ሲሆን፣ በባሕር ጠለል አጠገብ አንዱ ሄክቶፓስካል ከ8 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የከፍታ ልዩነትን ይወክላል። ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ እየቀነሰ ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል። ይህ የአማካይ አየር ሥዕል የመካከለኛውን ኬክሮስ የሚመስል ነው፤ ለአልፕስ ተራሮች በበቂ ሁኔታ ይስማማል።

አዲስ አበባ ላይ ግን ሥዕሉ ከእውነቱ ይርቃል። መደበኛው ስሌት በ2,355 ሜትር ላይ የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት ይላል፤ የከተማዋ የዓመቱ አማካይ ግን 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞቃት አየር የተበተነ ነው፤ በአንድ የግፊት ልዩነት መካከል ያለው የከፍታ ርቀት በሞቃት አየር ውስጥ ይሰፋል። በዚህ ምክንያት ማንም ያላስተካከለው ሰዓት አዲስ አበባን ከትክክለኛ ከፍታዋ 100 ሜትር ገደማ ዝቅ አድርጎ ያሳያታል፤ ባለቤቱ መነሻውን በእጁ ቢያስተካክልለት እንኳ ሰዓቱ ከዚያ በኋላ የሚቆጥረው እያንዳንዱ 1,000 ሜትር በእውነቱ 1,060 ሜትር ያህል ነው። በአቪዬሽን የሚሠራበት የቆየ ደንብም ይህንኑ ይናገራል፤ የአየሩ ሙቀት ከመደበኛው በ10 ዲግሪ በተለየ ቁጥር ከፍታው በ4 ከመቶ ይዛባል።

ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ የሚመስል ስሕተት በሰሜን ተራሮች ላይ ምን እንደሚሆን መከተል ይቻላል። ወደ ራስ ዳሸን የሚወጡ ተጓዦች በአብዛኛው የሚያድሩት 3,200 ሜትር ላይ በምትገኘው አምቢቆ ሲሆን፣ የሚነሡትም ጎህ ሳይቀድ ነው። አንድ ተጓዥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በባትሪ ብርሃን ጫማውን ሲያስር የሰዓቱን ከፍታ 3,200 ላይ አስተካከለው እንበል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ መንገዱ በገብስ ማሳዎች መካከል ሽቅብ ያቀናል፤ ፀሐይ ስትወጣ የጅባራ ቅጠሎች በተረተሩ ላይ ይታያሉ። ተጓዡ 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ጫፍ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲደርስ የወጣው 1,350 ሜትር ነው፤ አየሩ ከመደበኛው ግምት በ16 ዲግሪ ያህል የሚሞቅ በመሆኑ ግን ሰዓቱ 80 ሜትር ያህሉን ሳይቆጥረው ቀርቷል።

በዚህም አያበቃም። በሐሩር አገሮች የአየር ግፊት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የፀሐይ ሙቀት ከባቢ አየርን በማወዛወዙ የሚፈጠረው ይህ የአየር ሞገድ ከረፋዱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጣሪያውን ይነካል፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ ይወርዳል። የከፍታና የዝቅታው ልዩነት ከ2 እስከ 3 ሄክቶፓስካል ይደርሳል፤ አንዱ ሄክቶፓስካል በአዲስ አበባ ከፍታ 10 ሜትር ከግማሽ፣ በራስ ዳሸን አካባቢ ደግሞ 13 ሜትር ያህል ስለሚወክል፣ አንድም እርምጃ ያልተራመደ ሰው በሰዓቱ ላይ በቀን ከ20 እስከ 30 ሜትር ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የተጓዡ መነሻና መድረሻ ሰዓት ደግሞ ከዚህ ሞገድ ዝቅታና ጣሪያ ጋር ገጥሟል፤ ግፊቱ በራሱ ጊዜ ጨምሯል፣ ሰዓቱም ጭማሪውን እንደ መውረድ ቆጥሮታል። ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ አቅጣጫ ተደማምረው ተጓዡ ጫፉ ላይ ቆሞ ሳለ ሰዓቱ ከ100 ሜትር በላይ እንደቀረው ይነግረዋል። ጭጋግ በወረደበት ቀን ጫፉን በዓይኑ ለማያይ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአየሩ ሞገድ በሄልሲንኪ ኬክሮስ በምድር ወገብ ካለው መጠን ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። በዚያ የሚኖር መሐንዲስ ሰዓቱን በቢሮው መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ለሳምንታት ቢከታተለው ይህን የቀን ምት ከአየር ለውጡ ለይቶ ማየት ይከብደዋል፤ ስለዚህ በንድፉ ውስጥ ሳያስገባው ቢቀር አይደንቅም። የሚያሳዝነው፣ ይህን ምት በየቀኑ የሚያየው የደጋ ነዋሪ ሰዓቱን የማረም በር ያልተከፈተለት መሆኑ ነው።

ሯጮችንም ይህ ጉዳይ ይነካቸዋል። በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በበቆጂ የሚለማመዱ አትሌቶች ብዙዎች የሳተላይት አቅጣጫ አመልካች ያለው ሰዓት ያስራሉ፤ ርቀቱን የሚያውቀው ከሳተላይት ቢሆንም፣ የወጡትን ዳገት ድምር ባሮሜትር ያላቸው ሰዓቶች በዋነኛነት የሚያሰሉት ከግፊት ነው። ስሌቱ የአካባቢውን ሙቀት ካላገናዘበ የአንድ ወቅት ልምምድ የዳገት ድምር በ6 ከመቶ ያህል አንሶ ይመዘገባል፤ ይህንኑ ድምር ከአልፕስ ልምምድ ጋር ለሚያነጻጽር አሠልጣኝም የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል።

ማስጠንቀቂያው የማይሰማው ነጎድጓድ

ሰዓቶቹ ያለ መነኩሴ መሥራታቸውን ለማካካስ የተለያዩ ዘዴዎች ተቀይሰዋል። ሱንቶ ኮር የተባለው ሞዴል ለምሳሌ የግፊቱን የለውጥ ፍጥነት ይመለከታል፤ በ3 ደቂቃ ውስጥ 5 ሜትር የሚያህል ለውጥ ካየ ባለቤቱ እየተጓዘ ነው ብሎ ለውጡን ለከፍታ ይሰጠዋል፣ 12 ደቂቃ ያህል እንቅስቃሴ ካላየ ግን ቆሟል ብሎ ለውጡን ለአየር ጠባይ ይሰጠዋል። በኋላ የመጡት ሰዓቶች የሳተላይትን ከፍታ ከግፊቱ ጋር እያዋሐዱ መነሻውን በራሳቸው ያርማሉ፤ ይህም ትልቅ እርምጃ ነው።

የማዕበል ማስጠንቀቂያው ግን ገና በሰሜኑ ሰማይ ቋንቋ ይናገራል። በ3 ሰዓት ውስጥ ግፊቱ በ4 ሄክቶፓስካል ሲወርድ እንዲጮህ የተሠራው ይህ ማስጠንቀቂያ መነሻው በመካከለኛ ኬክሮስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጓዙት ግዙፍ የዝቅተኛ ግፊት ሥርዓቶች ናቸው፤ እነርሱ ከመድረሳቸው ሰዓታት ቀደም ብሎ ግፊቱ መውረድ ይጀምራል። የኢትዮጵያ ክረምት ዝናብ በአብዛኛው የሚፈጠረው በሌላ መንገድ ነው፤ ጠዋት የሞቀው መሬት እርጥቡን አየር ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ደመናው ከቀትር በኋላ እዚያው ተከምሮ ይፈነዳል፣ በረዶና መብረቅም ይዞ ይመጣል። ከደመናው የሚወርደው ቀዝቃዛና ከባድ አየር መሬት ላይ ሲዘረጋ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ በድንገት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ በከፍተኛ ሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቅ ወይም በተረተር ላይ የሚጓዝ ሰው መብረቅ ከሚያሠጋው ሰዓት በፊት ከዚህ ማስጠንቀቂያ ድምፅ መጠበቅ የለበትም፤ በአንጻሩ ገጹ ላይ በየቀኑ ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት የሚያሽቆለቁለውን የግፊት መስመር አይቶ ማዕበል መጣ ብሎ ቢሰጋ ያየው የሞገዱን ተራ መውረድ ነው። ለደጋ የሚነደፍ ሰዓት የግፊቱን መውረድ ትቶ የድንገተኛ ጭማሪውንና የሙቀቱን ቅጽበታዊ መቀነስ አጣምሮ ቢመለከት ለእውነቱ ይቀርባል፤ ያም ቢሆን የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የደቂቃዎች እንጂ የሰዓታት አይሆንም።

ኮምፓሱ የሚመቸው አገር

የቦታው ልዩነት ሁልጊዜ በሰዓቱ ላይ አይፈርድም። የኤሌክትሮኒክስ ኮምፓስ በመግነጢስ መስክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጠባያቸው የሚለወጥ ስስ ቅቦችን ይጠቀማል፤ የሚፈልገውም ከመሬት ጋር አግድም የተዘረጋውን የመስኩን ክፍል ነው። በሰሜን አገሮች መስኩ በጣም ወደ መሬት ይዘቀዝቃል፤ በሄልሲንኪ ዝቅዝቀቱ ከ70 ዲግሪ ይበልጣል። በዚያ አንድ ሰው ክንዱን በ5 ዲግሪ ብቻ አዘንብሎ ቢያነብብ፣ ማዘንበልን የማያርም ሰዓት አቅጣጫውን እስከ 15 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊያዛባው ይችላል። በኢትዮጵያ በኩል ግን መግነጢሳዊው የምድር ወገብ ያልፋል፤ በአዲስ አበባ መስኩ ከመሬት ጋር ትይዩ ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል ማለት ይቻላል፣ ጉልበቱም ሁሉ ኮምፓሱ በሚፈልገው አግድም አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያ በዓለም ሳይንስ ዘንድ ተፈላጊ የሆነውም በዚሁ ስፍራው ምክንያት ነው። ለሰዓት ንድፍ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በዚህ አገር የክንድ መዘንበል ኮምፓሱን እምብዛም አያስተውም።

የሚያስተው ድንጋዩ ነው። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ቅልጥ አለት የተደራረቡ ሲሆን፣ የቀዘቀዘው ጥቁር ባሳልት ብረት አዘል ማዕድናት ስላሉት የራሱ መግነጢስ አለው። ክንዱን አለት ላይ አስደግፎ አቅጣጫ የሚያነብ ሰው ከምድር ይልቅ የድንጋዩን መስክ ሊያነብ ይችላል። ጥሩ ሰዓት የመስኩን ጠቅላላ ጉልበት ከሚጠበቀው ጋር አመዛዝኖ ልዩነቱ ሲበዛ ያስጠነቅቃል፤ በአዲስ አበባ አካባቢ የሚጠበቀው 36,000 ናኖቴስላ ገደማ ነው።

ጭሱን ለመለካት የሚያስፈልገው ኃይል

ከከፍታና ከአቅጣጫ ይልቅ ለብዙ ሰው ጤና የሚቀርበው ጥያቄ ግን የሚተነፈሰው አየር ነው። በማገዶ ጭስ በተሞላ ማድ ቤት ውስጥ የምትውል እናት ወይም በአሮጌ ናፍጣ መኪኖች መካከል ቆሞ የሚውል ትራፊክ ፖሊስ ክንዱ ላይ የአየሩን ብናኝ የሚያሳይ ሰዓት ቢኖረው ጥቅሙ የማያጠያይቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያልበለጠ ደቃቅ ብናኝ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። እንዲህ ያለው ሰዓት በገበያ ላይ ያልተለመደበት ምክንያት በቀላል ሂሳብ ይገለጣል። ከላይ የተጠቀሰው ትንሽ የግፊት ሴንሰር በሰከንድ አንድ ጊዜ ሲለካ የሚወስደው 2.7 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው፤ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ተራ የሳንቲም ባትሪ ይህን ሴንሰር ብቻውን ለ9 ዓመታት ያህል ሊያሠራው ይበቃል። የብናኝ መለኪያ ግን አየሩን በማራገቢያ ስቦ በሌዘር ብርሃን ፊት ማሳለፍ አለበት፤ የተለመዱት አነስተኛ መለኪያዎች እስከ 100 ሚሊአምፔር ይወስዳሉ፤ ያው ባትሪ ይህን ያህል ኃይል በአንዴ መስጠት ቢችል እንኳ በሁለት ሰዓት ገደማ ያልቃል። የጋዝ ሴንሰሮችም ቅባቸውን በመቶዎች ዲግሪ ማሞቅ ስላለባቸው በየጊዜው ለአጭር ቅጽበት ብቻ እየተቀሰቀሱ እንዲሠሩ ይደረጋል።

ስለዚህ የአየር ጥራት ሰዓት ሐሳብ መጣል የለበትም፤ ግን መከፈል አለበት። መለኪያው በማድ ቤቱ ግድግዳ ወይም በመንገድ ምሰሶ ላይ ይተከል፤ ሰዓቱ ቁጥሩን በአጭር ርቀት ሬዲዮ ተቀብሎ ያሳይ፣ ባለቤቱ በዚያ አየር ውስጥ የቆየበትን ጊዜም ይቁጠር። ጊዜ መቁጠር ደግሞ ሰዓት ከሁሉ ነገር አስበልጦ የሚችለው ነው።

ይኸው ክፍፍል ለከፍታውም ይሠራል። በጎንደር፣ በደባርቅ፣ በደሴ ወይም በአዲስ አበባ ያለ አንድ የአየር ጠባይ ጣቢያ በየሰዓቱ የለካውን ግፊትና ሙቀት በስልክ በኩል ለእጅ ሰዓቱ ቢልክ፣ ሰዓቱ በዕለቱ የአየር ለውጥና በባለቤቱ መውጣት መካከል መለየት ይችላል፤ በተራራው ላይ ኔትወርክ ሲጠፋም ከመነሻው በፊት የተቀበለውን የቀኑን የግፊት ሞገድ ከልኬቱ እየቀነሰ ይቀጥላል። ሞገዱ ከቀን ወደ ቀን በጣም የሚመሳሰል በመሆኑ ለአንድ አካባቢ የወሩን አማካይ ምት የሚይዝ አነስተኛ ሰንጠረዥ ይበቃል፤ ሰንጠረዡ በሰዓቱ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ከአንድ ፎቶግራፍ እጅግ ያነሰ ነው። የሙቀቱ ማረሚያ ከዚያም ይቀልላል፤ ባለቤቱ መነሻውን ከፍታ በሚያስገባበት ገጽ ላይ የመነሻውን የአየር ሙቀት የሚጠይቅ አንድ ተጨማሪ መስመር ነው።

ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው አዲስ ሴንሰር አይደለም፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያለው በቂ ነው። የሚያስፈልገው በየጣቢያው በየሰዓቱ የተመዘገበ የግፊትና የሙቀት መረጃ፣ ያንን ወደ ሰንጠረዥ የሚለውጡ ተማሪዎችና መምህራን፣ እንዲሁም ሠሪዎቹ የሰዓቶቻቸውን ስሌት ለውጭ እርማት እንዲከፍቱ የሚጠይቅ ገዢ ነው። ሥራው በአንድ ጣቢያና በአንድ ሞዴል ሊጀመር ይችላል፤ የመጀመሪያው ፈተናም ከአምቢቆ እስከ ራስ ዳሸን ባለው መንገድ ላይ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ የታረመውንና ያልታረመውን ሰዓት በአንድ ክንድ ላይ አስሮ በመውጣት የሚከናወን ነው።